ሴመሌን የት እናስቀምጣት? የሃንደል «ኦራቶሪዮ» ነገር

ጸናጽል (ክሩን የከፈተ)

የአቀናባሪውን የሃንደልን ሥራዎች በዘርፍ በዘርፍ ስንደረድር ሴመሌ ላይ ስንደርስ እጃችን ይያዛል፦ ኦፔራ ናት ወይስ ኦራቶሪዮ (ያለ ትወና ቆሞ የሚዘመር፣ ብዙ ጊዜ ቅዱስ ታሪክ የያዘ ድራማ)? የማውቀውን አስቀምጬ ክርክሩን ለእናንተ ልተው። ቀኖቹ በሙሉ በዘመኑ የእንግሊዝ አቆጣጠር ናቸው።

ሃንደል ሙዚቃውን የጻፈው ከጁን 3 እስከ ጁላይ 4 ቀን 1743 ነው፤ አንድ ወር ብቻ። መጀመሪያ የተሰማችው ለንደን ውስጥ ኮቨንት ጋርደን ቲያትር ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1744 ሲሆን ማስታወቂያው «በኦራቶሪዮ ዓይነት» ትቀርባለች ይል ነበር። ልብ በሉ፣ «ኦራቶሪዮ ናት» አላለም። አልባሳት የለም፣ ትወና የለም፣ መጋረጃ መቀያየር የለም። ታሪኩ ግን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሳይሆን ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ «ሜታሞርፎሲስ» ሦስተኛ መጽሐፍ የተወሰደ ነው። የቴብስ ንጉሥ ካድመስ ልጁን ሴመሌን ለአታመስ ሊድር መሠዊያ ፊት ቆሟል፤ ሴመሌ ልቧ የአማልክት ንጉሥ ጁፒተር ዘንድ ነው። ጁፒተር በንስር አምሳል ነጥቆ ይወስዳታል። ሚስቱ ጁኖ ደግሞ የሴመሌን እህት ኢኖን መስላ ትመጣና «በእውነተኛ መልክህ ታየኝ በይው» ብላ ትመክራታለች። ሴመሌ ትጠይቃለች፣ እሱ አስቀድሞ በስቲክስ ወንዝ ምሏልና እምቢ ማለት አይችልም፣ በመብረቁ ትቃጠላለች። ከአመዷ የወይን አምላክ ባከስ እንደሚወለድ አፖሎ ያበስራል።

ሦስት ገቢር፣ በአሪያ (በብቸኛ ዘፋኝ ዜማ) የታጨቀ፣ ቅናትና አልጋ የሞላበት ነገር ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ወደ አሥር የሚጠጉ የመዘምራን ክፍሎች አሉት፣ አንዳንዶቹም ከዝነኛው ኦራቶሪዮው ከ«መሲሕ» መዘምራን አያንሱም። በ1744 ፌብሩዋሪ አራት ጊዜ፣ ዲሴምበር ላይ ሁለት ጊዜ ቀረበችና ሃንደል በሕይወቱ ዳግመኛ አልነካትም። በትወና መድረክ ላይ የወጣችው ገና በ1982 እዚያው ኮቨንት ጋርደን ነው።

የእኔ አቋም፦ ለጠቅላላው ሥራ አንድ ስም መስጠት ከንቱ ነው፤ ትዕይንት በትዕይንት ነው መጠየቅ ያለበት። እናንተስ?

ወፍራም ድምፅ

ምን ክርክር አለው? ኦፔራ ናት። ቃሉን የጻፈው ዊልያም ኮንግሪቭ ነው፤ በ1700ዎቹ መጀመሪያ ለጆን ኤክልስ ኦፔራ እንዲሆን ብሎ ጻፈው፣ ኤክልስም ሙዚቃውን ሠርቶለት መድረክ ሳያገኝ ቀረ። ቃሉ በ1710 በኮንግሪቭ የተሰበሰቡ ሥራዎች ውስጥ ታተመ። ሃንደል የወሰደው ያንን ነው፣ ጥቂት ተቀንሶና ተጨምሮበት። የመድረክ መመሪያው ሁሉ እንዳለ ነው፦ ደመና ይወርዳል፣ ጁኖ በጣዎሶች በሚጎተት ሠረገላ ትመጣለች፣ ቤተ መንግሥቱ ይጠፋል። ተራኪ የለም። በካሪሲሚ ኦራቶሪዮ «ዬፍቴ» ውስጥ እንደምትሰሙት «እንዲህም ሆነ» እያለ ታሪኩን የሚያስተሳስር ድምፅ እዚህ የለም፤ ሁሉም በራሱ አፍ ይናገራል።

የዘመኑ ሰውም አልተታለለም። የ«መሲሕ»ን ቃል ያዘጋጀው ቻርልስ ጄነንስ ስለ ሴመሌ ሲጽፍ ኦራቶሪዮ ሳትሆን ባለጌ ኦፔራ ናት ብሏል። ከእሱ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

ሦስተኛ ወንበር

@ወፍራም ድምፅ ጄነንስ ተቆጥቶ የተናገረው ነው፤ የተቆጣ ሰው ስድብ ለዘርፍ መለያ አይሆንም። ተራኪ አለመኖሩም አያስኬድህም። የሃንደል «ሳምሶን»ም ተራኪ የለውም፣ ኦራቶሪዮ አይደለም የሚል ግን አላጋጠመኝም። የእንግሊዝ ኦራቶሪዮ በአብዛኛው ያለ ተራኪ ነው የሚሄደው።

የመዘምራኑን ጽሕፈት ተመልከት። በጣልያን ኦፔራ ውስጥ «ኮረስ» ማለት ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ብቸኛ ዘፋኞቹ ራሳቸው ተሰብስበው የሚሏት አጭር ነገር ናት፤ ቃሉን በቃል አጥንተው ነው፣ ስለዚህ ቀላል መሆን አለባት። ሴመሌ ላይ «ይህን ክፉ ምልክት መልሱልን» የሚለውን ውሰድ፤ ድምፆቹ እየተከታተሉ ይገባሉ፣ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። ይህ ኖታ በእጁ ለያዘ መዘምር የተጻፈ ነው። እየሮጠና እየወደቀ የሚዘምር ሰው እንዲህ ዓይነት መግቢያ ቢስት ማንም አይፈርድበትም።

እና አንድ ስህተት ላርም። 1982 የመጀመሪያው የትወና መድረክ አይደለም። በ1925 ካምብሪጅ ላይ ተተውኗል፣ ለንደን ላይ በ1954፣ አሜሪካ ኢቫንስተን ላይ በ1959። 1982 የኮቨንት ጋርደን መመለሷ ነው፤ እሱም ስሙ አንድ ሆኖ እንጂ ሕንፃው ሌላ ነው። ሃንደል የሠራበት ቲያትር በ1808 ተቃጥሏል፣ የተተካውም በ1856።

ጸናጽል

ስለ 1925 ትክክል ነህ፣ ተቀብያለሁ። ላይ ያለውን አላስተካክልም፣ መልስህ ትርጉም እንዳያጣ።

ባሕረ ሐሳብ

ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ፤ ቀኑ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1744 ዓርብ ነው። የቀሩት ሦስቱ 15፣ 17 እና 22 ናቸው፦ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ረቡዕ። ለእኛ አንባቢ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። የእንግሊዞቹ ሁዳዴ የገባው በዚያው ሳምንት ረቡዕ በ8 ነው፤ ሴመሌ በጾሙ ሦስተኛ ቀን ተከፈተች ማለት ነው። በሁዳዴ ረቡዕና ዓርብ ተራ ቲያትር አይሠራም፣ ስለዚህ ሕንፃው ባዶ ነው። ሃንደል የኦራቶሪዮ ወቅቱን የተከለው በዚያች ክፍተት ላይ ነው። ትወና በሌለበት ቀን ትወና የሌለው ነገር መሸጥ ይቻላል።

ከዚያ በፊት በ1732 የሃንደል ኦራቶሪዮ «አስቴር» ልትቀርብ ስትል የለንደኑ ጳጳስ ኤድመንድ ጊብሰን የቤተ መንግሥቱ ጸሎት ቤት ልጆች ቲያትር ቤት ውስጥ እንዲተውኑ አልፈቀደም። ማስታወቂያው በመድረክ ላይ ትወና እንደማይኖር፣ አዳራሹ ግን ለተመልካች ደንበኛ ሆኖ እንደሚሰናዳ ተናገረ። የእንግሊዝ ኦራቶሪዮ ቆሞ መዘመር እንግዲህ ከውበት ጽንሰ ሐሳብ ሳይሆን ከክልከላ የመጣ ልማድ ነው።

ለጨዋታ ያህል፦ እንግሊዝ እስከ 1752 የምትቆጥረው በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር፤ ስለዚህ ፋሲካዋ ከእኛ ጋር ይገጥማል። በባሕረ ሐሳብ ቀመር የ1736 ዓ.ም. ወንበር 15 ነው፣ መጥቅዕም 15። መስከረም 15 ማክሰኞ ይውላል፣ ተውሳኩ 5፣ መባጃ ሐመር 20፣ ፋሲካ መጋቢት 29 ከጥንተ ትንሣኤው ጋር። ለንደንም በዚያው እሑድ፣ በነሱ ማርች 25፣ ፋሲካን አክብራለች። የእኛ ጾም በየካቲት 4 ስለገባ ሴመሌ የተከፈተችበት ዓርብ የካቲት 15 ነው፣ የቅድስት ሳምንት። ጎንደር ላይ በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ጾመ ድጓ ያለ ከበሮና ያለ ጸናጽል ሲዜም፣ ለንደን ላይ ስለ ጁፒተር ውሽማ በቲምፓኒ ይዘመር ነበር። ጸናጽል ሆይ፣ አንተ እንኳ በሁዳዴ ዝም ትላለህ።

ጸናጽል

ዝም አልኩ። ግን መጋቢት 29ን እኔም ቆጠርኩት፣ ወጣልኝ።

ሻማ

ባሕረ ሐሳብ ጥሩ በር ከፈተ። እኔ የማየው ድንበሩ የታሪኩ ቅዱስነት ላይም የመዘምራኑ ብዛት ላይም አይደለም። ዓይን ሥራውን የት ይሠራል የሚለው ላይ ነው።

የዚያን ጊዜ ታዳሚ አዳራሹ ሳይጨልም ነው የሚቀመጠው፤ ሻማው በሙሉ በርቶ ይቆያል። እጁ ላይ የግጥሙ መጽሐፍ አለ፤ በር ላይ ገዝቶ የገባው። መጽሐፉ ውስጥ የሚዘመረው ቃል ብቻ አይደለም ያለው፣ የመድረክ መመሪያውም ታትሟል። ዘፋኟ ቆማ ኖታዋን ስታይ ታዳሚው «ጁፒተር በደመና ይወርዳል» የሚለውን ያነብባል። መድረኩ ያለው መጽሐፉ ውስጥ ነው።

ይህንን ካያችሁ ሴመሌ ትዕይንት ያጣ ኦፔራ መሆኗ ይቀራል፤ ትዕይንቱ ወደ ወረቀት የተዛወረ ኦፔራ ናት። ዛሬ «ከፊል ትወና» እያሉ በጨለማ አዳራሽ፣ በአጭር የግርጌ ትርጉም፣ ዘፋኞቹን በጥቁር ልብስ ወዲያ ወዲህ የሚያንከራትቱት ለዚህ ነው የሚከሽፍባቸው። ታዳሚው መመሪያውን አያነብም፣ ትዕይንቱንም አያይም። ከሁለቱ አንዱን መስጠት ያስፈልጋል። ትወና ከሌለ የመድረክ መመሪያውን ከግጥሙ ጋር አትሙት ወይም በትርጉም ስክሪኑ ላይ አውጡት፣ መብራቱንም ለማንበብ በሚበቃ መጠን ተዉት።

ተቃራኒውን ማየት የሚፈልግ ሮም በ1708 ምን እንደሆነ ያስታውስ። ኦፔራ በተከለከለበት ከተማ ወጣቱ ሃንደል «ላ ሬሱሬሲዮኔ»ን በማርኪዝ ሩስፖሊ ቤት በፋሲካ እሑድ፣ ኤፕሪል 8፣ አቀረበ። ርእሰ ጉዳዩ ትንሣኤ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ቅዱስ የለም። አቀራረቡ ግን፦ የተሳለ መጋረጃ ከኋላ፣ ኦርኬስትራውን የሚመራው ኮሬሊ፣ 1,500 የግጥም መጽሐፍ የታተመ፣ መግደላዊት ማርያምን የምትዘምረው የኦፔራ ሶፕራኖ ማርገሪታ ዱራስታንቲ። የሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሴት በመዘመሯ ተቆጡ፣ በማግሥቱ በካስትራቶ (በልጅነቱ ተሰልቦ ቀጭን ድምፁን ያቆየ ወንድ ዘፋኝ) ተተካች። ርእሱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁኔታው ሁሉ ከኦፔራ። ሴመሌ በመስታወት የታየች «ላ ሬሱሬሲዮኔ» ናት፦ ርእሷ ከኦፔራ፣ ሁኔታዋ ከጾም ቤት።

ወፍራም ድምፅ

ይሄኛው አሳምኖኛል፣ በከፊል። ግን ያኔ የኦፔራው ቡድን ለምን ተናደደ? ዴላኒ የምትባለው የሃንደል ወዳጅ በዚያው ወር በጻፈችው ደብዳቤ የኦፔራ ሰዎች በሃንደል ላይ ክፉኛ እንደተቆጡ ታወራለች። ኦራቶሪዮ ብቻ ቢሆን ማን ግድ ነበረው?

ሦስተኛ ወንበር

የተናደዱትማ እነሱ ኦፔራ ጻፍልን ሲሉት አልጽፍም ስላላቸው ነው። የመጨረሻው የጣልያን ኦፔራው «ዴይዳሚያ» በ1741 ነበር። የኦፔራው ቡድን፣ የሚድልሴክስ ሎርድ የሚመራው፣ ጠይቆት እምቢ ካለ በኋላ ኦፔራ የሚመስል ነገር በእንግሊዝኛ፣ በእንግሊዝ ዘፋኞች፣ ያለ አልባሳትና ያለ ካስትራቶ ክፍያ ሲያቀርብ ዓይናቸው እንዴት አይቀላ። ጁፒተርን የዘመረው ቴነሩ ጆን ቢርድ ነው። በጣልያን ኦፔራ ቢሆን ዋናው አፍቃሪ ከፍ ያለ ድምፅ ያለው ካስትራቶ በሆነ።

በዲሴምበር ግን ወደ ኪንግስ ቲያትር ሲወስዳት ነውር የመሰሉ ስንኞችን አውጥቶ የጣልያንኛ አሪያዎች ጨመረባት። ሁለቱንም ወገን ሊያስታርቅ ፈልጎ ይመስላል፣ ማንንም አላስታረቀም።

ወደ ጸናጽል ጥያቄ ስመለስ፣ «ትዕይንት በትዕይንት» ያልከው ያስኬዳል። ሁለት ቦታ ልጥቀስ። የመጀመሪያው ገቢር ትልቁ ድርጊት ንስሩ ሴመሌን መንጠቁ ነው። እሱ አይታይም! ካድመስ ሮጦ መጥቶ በኦርኬስትራ በታጀበ ሬሲታቲቭ (እንደ ንግግር በሚሄድ ዜማ) ይተርከዋል። ኮንግሪቭ ለኦፔራ የጻፈው ሆኖ ሳለ በጣም ለዓይን የሚሆነውን ነገር ለጆሮ ሰጠው፤ እዚያ ላይ ሴመሌ ከመጀመሪያውም ኦራቶሪዮ ለመሆን የተመቸች ነበረች።

ሁለተኛው የገቢሩ መዝጊያ ነው፣ «የማያልቅ ደስታ፣ የማያልቅ ፍቅር ሴመሌ በላይ ታጣጥማለች»። ሦስተኛ መደብ ነው፣ ስለ እሷ የሚነገር። ኮንግሪቭ የሰጠው ለጠንቋይ ካህን ነበር፣ ወሬ ነጋሪ። የሃንደል ግን በሴመሌ ድምፅ ይዘመራል። ራሷን «እሷ» እያለች ማለት ነው። ቆሞ ለሚዘመር ኦራቶሪዮ ምንም አይደል፤ ሶፕራኖዋ ትነሣለች፣ ትዘምራለች፣ መዘምራኑ ይቀበሏታል። በትወና ግን ራስ ምታት ነው። ታሪኩ ገና ምድር ላይ ነው፣ እሷ ሰማይ ላይ ናት፣ ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው ታወራለች። አዘጋጆች ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ አጋድመው በጋዜጣ እንደሚወራባት ዝነኛ ሴት ያደርጓታል። ይሠራል፣ ምክንያቱም ሴትዮዋ ራሷን ከውጭ የማየት አመል አለባት፤ ሦስተኛው ገቢር ላይ መስታወት ይዛ «ራሴን አመልካለሁ» ትላለች።

አዲስ ኮረስ

ክርክሩ ደስ ይላል፣ እኔ ግን ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። 16 ዘማሪ ያለበት ኮረስ (5 ሶፕራኖ፣ 4 አልቶ፣ 3 ቴነር፣ 4 ቤዝ)፣ አምስት ባለ አውታር መሣሪያ፣ አንድ ሃርፕሲኮርድ፣ ሁለት ኦቦ። መድረክ የሌለው አዳራሽ። ከሴመሌ የአንድ ሰዓት ተኩል ዝግጅት ይወጣል? ሙሉውን አንደፍርም።

ቁልፍ ሰሌዳ

ይወጣል። በመጀመሪያ ስለ ቁጥር አትጨነቅ። ሃንደል በ1754 «መሲሕ»ን ለፋውንድሊንግ ሆስፒታል (የለንደን የተጣሉ ልጆች ማሳደጊያ) ሲያቀርብ የተከፈለው ሒሳብ አለ፦ 38 ተጫዋች (14 ቫዮሊን፣ 6 ቪዮላ፣ 3 ቼሎ፣ 2 ደብል ቤዝ፣ 4 ኦቦ፣ 4 ባሱን፣ 2 ሆርን፣ 2 መለከት፣ ቲምፓኒ)፣ መዘምራኑ ደግሞ 19፦ 6 ልጆችና 13 ወንዶች። ብቸኛ ዘፋኞቹም ኮረሱ ላይ ያግዙ ነበር። አየህ፣ ኦርኬስትራው ከመዘምራኑ እጥፍ ነው። ያንተ 16 ለአምስት አውታር ብዙ ነው እንጂ ትንሽ አይደለም። የሚያስፈራው ቫዮሊኖቹ መዋጣቸው ነው። መዘምራኑን ከመሣሪያዎቹ ኋላ ሳይሆን በሁለት ጎን አቁማቸው፣ ሶስቱን ቴነር አትበትናቸው፣ በአንድ ጎን ይሁኑ።

ሙሉው ወደ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ስለሚሄድ ከግማሽ ትንሽ በለጥ ያለውን ነው የምትይዘው። ከመጀመሪያው ገቢር ኦቨርቸሩን፣ «መልካም ምልክት» የሚለውን መክፈቻ፣ «ይህን ክፉ ምልክት መልሱልን»፣ የካድመስን ታጃቢ ሬሲታቲቭና «የማያልቅ ደስታ»ን ውሰድ። የአታመስንና የኢኖን የመጀመሪያ ገቢር ፍቅር ቁረጠው፤ ሙዚቃው ያማረ ነው፣ ግን ወደ ሩብ ሰዓት ይበላሃል። አራቱ ድምፆች አብረው የሚያዝኑበትን ኳርቴት ግን አትንካ፤ እዚያ ላይ አራት ሰው አራት የተለያየ ሐሳብ በአንድ ጊዜ ይናገራል። ከሁለተኛው ገቢር የጁኖን ቁጣ፣ «እንቅልፍ ሆይ፣ ለምን ተለየኸኝ»ን፣ «በምትሄጂበት ሁሉ»ን፣ «ፍቅር፣ ያ ዘላለማዊ ሕፃን» የሚለውን ኮረስ። ሦስተኛውን ገቢር በተቻለህ መጠን እንዳለ ያዘው፤ ድራማው ሁሉ እዚያ ነው።

አሁን የሚበላሹት ነገሮች።

ሃርፕሲኮርዱ። ኦቨርቸሩ ሲ ማይነር ነው፣ ኢ ፍላትና ኤ ፍላት ይፈልጋል። «እንቅልፍ ሆይ» ኢ ሜጀር ነው፣ ዲ ሻርፕና ጂ ሻርፕ ይፈልጋል። በሃርፕሲኮርድ ላይ ኢ ፍላትና ዲ ሻርፕ አንድ ቁልፍ ናቸው፣ ኤ ፍላትና ጂ ሻርፕም እንዲሁ። ቃኚው በጥብቅ ሚንቶን (ጥቂት ቶናሊቲ ብቻ በሚጣፍጥበት የድሮ ቅኝት) ቢቃኝልህ አንደኛው ጣፍጦ ሌላው ይመርራል፤ አሪያው ላይ ደግሞ የሚያጅባት ቼሎና ሃርፕሲኮርድ ብቻ ስለሆኑ መደበቂያ የለም። ቫሎቲ ወይም መሰሉን ሁሉንም ቶናሊቲ የሚያስኬድ ቅኝት ጠይቅ። 415 ሄርዝ (ከዛሬው ግማሽ ቶን ዝቅ ባለው የድሮ ቅኝት) ላይ የምትጫወቱ ከሆነ ኦቦዎቹ 415 መሆናቸውን ከልምምድ በፊት አረጋግጥ፤ ዘመናዊ ኦቦ ግማሽ ቶን ወርዶ ሊጫወትልህ አይችልም። አዳራሹ በሰው ሲሞቅ ቅኝቱ ይሸሻል፣ ስለዚህ በገቢሮቹ መካከል አሥር ደቂቃ ለቃኚው ተውለት።

ያንኑ «እንቅልፍ ሆይ»ን አትምታ። ኮንዳክተር እጁን ካነሣበት ሞተ። ቼሎው ዘፋኟን ያዳምጥ፣ ሃርፕሲኮርዱ ኮርዶቹን በዝግታ በትኖ ይጫወት፤ በአንድ ጊዜ የተመታ ኮርድ እንቅልፍ ይቀሰቅሳል እንጂ አያስተኛም።

«በምትሄጂበት ሁሉ» ላይ አደጋው ውበቱ ነው። ቃሉ ከኮንግሪቭ አይደለም፣ ከአሌክሳንደር ፖፕ ግጥም የገባ ነው። ቢ ፍላት ሜጀር፣ ዳ ካፖ (የመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ ላይ ተመልሶ የሚዘመርበት)። ሃንደል በዝግታና እጅግ በለሰሰ ድምፅ ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ሁሉም ሰው ስለሚያውቀው ቴነሮች ከመጀመሪያው ጮክ ብለው ይጀምሩና ሲመለሱ የሚጨምሩት ያጣሉ። ለመጀመሪያው ዙር ምንም ጌጥ አትፍቀድ። ሲመለስ በረጅም ኖታዎቹ ላይ ትንሽ መሸጋገሪያ፣ ከመዝጊያው በፊት አንዲት ትሪል ይበቃል።

የእንቅልፍ አምላክ የሶምነስ ትዕይንት ደግሞ ባሱን ከሌለህ ግማሹ ቀለም ይጠፋል። ደብል ቤዝ ብቻ አይተካውም። አንድ ባሱን ተበደር።

አዲስ ኮረስ

እግዜር ይስጥልኝ። ጁኖንና ኢኖን ሁለት ሰው ያስፈልጋቸዋል?

ሻማ

በ1744 አንዲት ሴት ናት ሁለቱንም የዘመረችው፣ አስቴር ያንግ። በገንዘብ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ጁኖ ኢኖን መስላ ስትመጣ በትወና ከሆነ ካባ ይቀየራል፣ ታዳሚው ያምናል። ቆሞ በሚዘመርበት ግን ካባ የለም። አንድ ድምፅ ሁለቱን ሲይዝ ማስመሰሉ ለጆሮ ይሆናል፦ ሴመሌ የእህቷን ድምፅ ነው የምትሰማው፣ እኛም። በአልባሳት የሚሠራው በጉሮሮ ተሠራ።

ዛሬ ትወና ላይ አንድ ሰው ከያዘችው ልብስ ለመቀየር ያላትን ጊዜ ቁጠሩ። ጁኖ በደስታ ዘፍና ከወጣች በኋላ የሴመሌ ሞትና «ወየው ድንጋጤ» የሚለው ኮረስ አለ፣ ወደ ስድስት ደቂቃ። ከዚያ ኢኖ ገብታ ትናገራለች። ስድስት ደቂቃ ይበቃል፣ መንጠቆ ሳይሆን ቁልፍ የበዛበት ልብስ ካላሰፋችሁ።

ሦስተኛ ወንበር

«ወየው ድንጋጤ» ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ለእኔ ሙግቱን የሚፈታው እሱ ነው። ሴመሌ እየጠፋች ነው፣ ድምፅዋ ቃል በቃል ይቆራረጣል፣ ሙዚቃው ሳይዘጋ ይቀራል። ኦፔራ ቢሆን ቀጥሎ የሚመጣው አንድ ሰው ነው፦ ጁፒተር እያለቀሰ፣ ወይም አባቷ። ሃንደል ግን መዘምራኑን ያስነሣል። እነሱም አያለቅሱም፤ ተፈጥሮ ለእያንዳንዱ ቦታውን ሰጥታለች፣ ያንን የለቀቀ እንደ ወደቀ ኮከብ ይባዝናል ይላሉ። ፍርድ ነው፣ ስብከት። አንድ ሰዓት ሙሉ ያሽሞነሞንናትን ሴት በአንድ ኮረስ ወደ ምሳሌ ቀየራት። እዚያች ደቂቃ ላይ ቲያትር ቤቱ ቤተ ክርስቲያን ይሆናል። ወዲያው ደግሞ አፖሎ መጥቶ የወይን አምላክ ተወለደላችሁ ይላል፣ መለከቱ ይነፋል፣ «ደስ ይበለን» ተብሎ ያልቃል። በሁዳዴ ሦስተኛ ቀን፣ ስለ ወይን።

ወፍራም ድምፅ

ጄነንስ የተናደደው ለካ እውነቱን ነው።

ጸናጽል

ስለ ቅጂዎች ማንም አላነሣም። የጋርዲነር የ1981 ቅጂ ፈጣንና ሕያው ነው፣ ግን ተቆርጧል፤ ኖታ ይዛችሁ ስትከታተሉ ገጽ ሲዘል አትደንግጡ። የጆን ኔልሰን በካትሊን ባትል ድምፅ የተመሠረተ ነው፣ ጁኖንና ኢኖን ማሪሊን ሆርን አንድ ላይ ይዛቸዋለች፤ ሻማ ያለውን ለመስማት ይሄ ነው። ክርስቲያን ከርኒን በ2007 ያወጣው ለሥራ ይመቻል። ዓይኔም ይፈልጋል ለሚል የዙሪኩ ቪዲዮ አለ፣ ቼቺሊያ ባርቶሊ፣ ኮንዳክተሩ ዊልያም ክሪስቲ። እዚያ «ራሴን አመልካለሁ» ላይ ምን ያህል ትወና አሪያውን እንደሚሸከምና የት እንደሚጫነው በደንብ ይታያል።

ሦስተኛ ወንበር

በዚያ አሪያ ላይ ለአዲስ ኮረስ አንድ ማስጠንቀቂያ። ቫዮሊኖቹ የዘፋኟን ሐረግ ጫፍ እየያዙ ያስተጋባሉ፣ መስታወቱ እነሱ ናቸው። ዘፋኟን «ለትዕይንት» ብላችሁ ከኦርኬስትራው 17 ሜትር ብታርቋት ድምፅዋ ከአንድ ሰከንድ ሃያኛ እጅ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ቫዮሊኑ ያንን ጠብቆ ሲመልስ ለታዳሚው ደግሞ ሌላ መዘግየት ይጨመራል። ማስተጋባቱ የመልስ ቀልድ መሆኑ ቀርቶ ስህተት ይመስላል። አንደኛ ቫዮሊን አጠገብ አቁሟት፣ ሦስት እርምጃ። መስታወት ከፈለጋችሁ ኖታ ማስቀመጫው ላይ አስሩት።

አዲስ ኮረስ

ኖታ ማስቀመጫው ላይ መስታወት ከታሰረ ኖታው የት ይቀመጣል?

ሦስተኛ ወንበር

እሷ በቃሏ ትያዘው። ሌላው ሁሉ ኖታ ይዞ፣ እሷ ብቻ ባዶ እጇን።